ሰማያዊው ቆብና ኮዳው

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። የልጄ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ ለበዓል ከላሊበላ የመጡ፣ አንዷ እዚሁ ከእኔ ጋር የምትኖር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከመታሰቢያው ድንጋይ ፊት ቆመው ስሞቹን ሲያነቡ ቆዩና ትልቋ፣ «እማማ፣ የመጨረሻው ስም ጽሕፈቱ ከሌሎቹ ለምን ተለየ? ጠለቅ ብሎ ነው የተቆፈረው። ሌላ እጅ ነው የጻፈው» አለችኝ። እኔ ማንበብ አላውቅም። ያንን ስም ግን ጣቴ ያውቀዋል፤ በሄድኩ ቁጥር ስዳስሰው ጠርዙ እየለዘበ መጥቷል።

የአጎታቸው ስም መሆኑን ያውቃሉ። የማያውቁት እንዴት እዚያ እንደ ገባ ነው። እኔም ብሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው። እንግዲህ እኔ ልናገር፣ እነሱ ይጻፉት። ሲጽፉ እንዳያሳምሩት ብያቸዋለሁ።

እኔ አስለቃሽ ነኝ። ሰው ሲሞት ለቅሶው መሐል ገብቼ ሟቹን በግጥም አነሳለሁ፣ ሕዝቡን አስለቅሳለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ እናቴ ስታለቅስ ሰምቼ ነው የያዝኩት። በዚህ ሥራዬ ያልረገጥኩት የላስታና የዙሪያው ምድር የለም። ከገነተ ማርያም ተነስቼ ፍላቂት፣ ከፍላቂት ገደሉን ተሻግሬ ወገል ጤና፣ በእግሬ፣ ሲቀናኝ ደግሞ በሚኒባስ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይቺን ሴት ሊያገኛት የሚችል የሞተ ሰው ብቻ ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ሲሞትም ከመንገድ ጠርተውኝ ነው የደረስኩት።

የአገራችን ለቅሶ ወግ አለው። ወንድ ሞቶ ስጠራ፣ በተለይ ወታደር የነበረ፣ ከደጅ ቆሜ ዘመዶቹን መጀመሪያ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ምን ጥሏል፣ ማንን ገድሏል? የጣለውን ይነግሩኛል፣ እኔም ግጥሜን በዚያ ላይ አቆማለሁ። ጠመንጃው ከልብሱ ጋር አልጋ ላይ ይጋደማል። ሽማግሌዎች ተነስተው ይፎክሩለታል። ምንም ያልጣለ እንደሆነ ደግሞ ዘመዶቹ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ነገሩ ይገባኛል፤ አንድ ነገር እፈጥርለታለሁ። የማንንም ሬሳ ባዶ እጁን ሸኝቼ አላውቅም ነበር።

ታናሹ ልጄ ከሕፃንነቱ ጠብ አይወድም። አይወድም ስል ይሸሻል ማለቴ አይደለም፤ ይገባበታል። ምንጭ ላይ በእንስራ ተራ ሲጣሉ፣ ገበያ ላይ ሁለት ሰካራም ሲተናነቅ፣ መሐላቸው የሚገኘው እሱ ነው። ስንት ጊዜ የሌላ ሰው ዱላ አናቱ ላይ አርፎ ደሙን አጥቤለታለሁ። እቆጣዋለሁ፤ እሱ ደሙን ያጣጥበኛል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጠብ መሐል ነው።

አድጎ ወታደር ቤት ገባ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሰላም አስከባሪ ተብሎ ሱዳን ሄደ። ሰማያዊ ቆብ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ በእህቱ ስልክ ልኮ ሲያሳዩኝ፣ ጎረቤቴ አንገቷን አስግጋ አይታ «መነኮሰ እንዴ?» አለች። ሲደውልልኝ ከማን ጋር እንደሚዋጉ ጠየቅኩት።

«ከማንም ጋር አንዋጋም እማዬ። ሁለቱ እንዳይዋጉ መሐል ነው የምንቆመው።»

«እንግዲያ ገላጋይ ነህ በለኛ።»

«አዎ፣ ጠመንጃ የያዘ ገላጋይ።»

«ልጅ ሆነህም ይኸው ነበር ሥራህ። ያኔ ደግሞ በባዶ እጅህ።»

ሳቀ። ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት ሲሄዱ አደጋ እንዳይደርስባቸው ከኋላ ከኋላ እንደሚከተሏቸው፣ አገሩ ሜዳ ብቻ እንደሆነ፣ ተራራ እንደናፈቀው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

የሞተው በአንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ሁለት ከብት አርቢ ጎሳዎች በውኃው ተጣልተው ጠመንጃ ተማዘዙ። እሱና ጓዶቹ መሐል ቆሙ። የመታችው ጥይት ከየትኛው ወገን እንደመጣች ማንም አላወቀም። ወታደሮች ሬሳውን በባንዲራ ሸፍነው አመጡልኝ፤ ከሬሳው ጋር ሰማያዊውን ቆብ።

ለቅሶው ላይ ወንድሜ ወጉ እንዳይጎድል ብሎ የጎረቤት ጠመንጃ ተውሶ አልጋው ላይ ከልጄ ልብስ ጋር አጋደመ። ሬሳውን ካመጡት ወታደሮች አንዱ የሩቅ አገር ልጅ ነበር፣ ወጋችንን የማያውቅ። ሊያጽናናኝ ብሎ ሕዝብ እየሰማ፣ «እናቴ፣ ልጅዎ አንዲት ጥይት አልተኮሰም። መሣሪያውን ስንረከብ ጥይቱ እንዳለ ነበር» አለኝ። ለእሱ ትልቅ ምስጋና ነው። የእኛ ወንዶች ግን አንገታቸውን ደፉ። ወንድሜ ቶሎ ብሎ ወታደሩን ክንዱን ይዞ ምግብ ወዳለበት የዳሱ ጥግ ወሰደው፤ አፉን በእንጀራ ሊዘጋው።

ለስንቱ የገጠምኩ ሴት ለገዛ ልጄ ቃል አጣሁ። ያለኝ ግጥም ሁሉ የገዳይ ነው። ሕዝቡ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ እንደ ልማዷ አንድ ነገር ትፈጥራለች ብሎ። መፍጠርማ እችል ነበር። ሱዳን ሩቅ ነው፣ ሄዶ የሚጠይቅ የለም። ግን ያንን የተውሶ ጠመንጃ ሳየው አልጋው ላይ የተኛው የሌላ ሰው ልጅ መሰለኝ። ተነስቼ ጠመንጃውን ለባለቤቱ መለስኩለት። በቦታው ቆቡን አስቀመጥኩ። ከዚያ ይቺ ብቻ ወጣችኝ፦

ገድሎ የመጣውን ስንቱን አሞገስኩት፣
ሳይገድል ለሞተው ምን ብዬ ላልቅስለት?

የሚቀበለኝ ጠፋ። ሴቶቹ እንኳ ደረት መምታቱን ረሱት።

ሁለት ክረምት አለፈ። የቀበሌያችን ሰዎች ተመካክረው ለአገር የወደቁትን ልጆች ስም በድንጋይ ሊያስጽፉ ተነሱ። ቆንጆ ነገር ነው፤ እኔም እልል ብያለሁ። በምሥራቁ ጦርነት የቀሩ፣ በሰሜኑ የቀሩ፣ በድንበሩ የቀሩ ብዙ ናቸው። ሬሳቸው ስላልመጣ እናቶቻቸው የሚያለቅሱበት አፈር የላቸውም። ድንጋዩን እንዲጠርብ ለፈረንጅ መስቀል እየቀረጸ የሚሸጥ ሰው ከላሊበላ አመጡ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አንድ አዛውንት አምሳ አለቃ ሆኑ።

እኚህ አምሳ አለቃ በምሥራቁ ጦርነት የዘመቱ ናቸው። አገር የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ነው። በረሃ ላይ ከጠላት ወታደር ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኝተው፣ ተናንቀው ጥለውት፣ ኮዳውን ማርከው መጡ ይባላል። የብረት ኮዳ ነው፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ አንድ ጎኑ ጎድጎድ ያለ። በዓል ሲሆን፣ የወታደር ለቅሶ ሲሆን፣ ያንን ኮዳ አንግተው ወጥተው ሲፎክሩ የሚያያቸው ሁሉ ጠጉሩ ይቆማል። እኔ ራሴ ስለዚያ ኮዳ ስንት ጊዜ ገጥሜያለሁ።

ኮሚቴው ስም ሲመዘግብ ልጄን አልጻፉትም። ረስተውት ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጅ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቼ ጉዳዬን ነገርኳቸው። አምሳ አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቀስ ብለው ነው የመለሱልኝ። ድንጋዩ ለአገራቸው ተዋግተው ለወደቁ እንደሆነ፣ የእኔ ልጅ ግን በሰው አገር፣ በሰው ጠብ እንደሞተ፣ ጦርነትም እንዳልነበረ አስረዱኝ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ዕድሜው ከልጄ የማይበልጥ፣ «ምን ጣለ እንበል? ውኃ ሲቀዱ ይጠብቅ ነበር ተብሎ ይጻፍ?» ብሎ ሳቀ። አምሳ አለቃው በዓይናቸው ገሠጹት። ለእኔ ግን፣

«በይ እቱ፣ ቤትሽ ግቢ» አሉኝ። «ለእሱ ጸሎት ይበቃዋል።»

«ጸሎቱንማ እርስዎን ሳልለምን አደርሳለሁ» አልኳቸው። «የመጣሁት ለስሙ ነው።»

በምረቃው ዕለት ያልተነበበ ስም ከዚያ ወዲያ አይገባም፣ ውሳኔ ነው አሉኝ። ምረቃው አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ሰዉ ገራም ነሽ ይለኛል። እውነት ነው፣ ዶሮ እንኳ እሽ ብዬ ሳባርር ይቅርታ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ወደ ቤቴ ስወርድ፣ እነሱ ድንጋይ ካላቸው እኔም ድንጋይ ነኝ፣ እስኪ የትኛው ይከብዳል አልኩ። ካህናቱን ለምኑልኝ አልኳቸው፤ ኮሚቴውን እናክብር አሉኝ። ወንድሜን ሂድልኝ አልኩት፤ እባክሽ በቃ፣ ሰው ረስቶት ነበር፣ አንቺ ባዶነቱን ለምን ታስታውሺያለሽ አለኝ። ባዶነቱን አለ። የእኔ ወንድም።

በዚያው ወር ወደ ቆላው ለቅሶ ተጠርቼ ወረድኩ። ከወልድያ በታች፣ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ውስጥ እህል የምትነግድ ሙስሊም ወዳጅ አለችኝ። አንድ ክረምት ጎርፍ መንገድ ዘግቶብኝ ቤቷ አሳድራኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሳላያት አላልፍም። ነገሬን አጫወትኳት። ሽንብራ እየለቀመች ሰማችኝና የአያቷን ታሪክ ነገረችኝ። አያቷ አበጋር ነበሩ፤ ወሎ ውስጥ አበጋር ማለት ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሁለት ቤተሰብ ሲያስታርቁ ድንገት ጠብ ተነስቶ መሐል ላይ በዱላ ተመትተው ሞቱ።

«ወላሂ እልሻለሁ፣ ምን ጣሉ ብሎ የጠየቀን የለም» አለችኝ። «ሁለቱም ወገን ሬሳውን እኔ ልሸከም፣ እኔ ልሸከም ብለው እንደገና ሊጣሉ ነበር። ገላጋይ ሲሞት እኮ የሚያፍረው ሟች አይደለም እህቴ።»

ያንን ቃል ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

የምረቃው ዕለት ፀሐይ ጥሩ ነበረች። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው፣ ሹሞቹ ድንኳን ውስጥ፣ ገበሬው ሣሩ ላይ። ወጉን እንዲህ አድርገው ነበር ያዘጋጁት፤ የሟች ቤተሰብ የሟቹን አንድ ዕቃ፣ ጠመንጃም ይሁን ዝናር ወይ ካፖርት፣ ከድንጋዩ ግርጌ ያኖራል፤ ስሙ ይነበባል፣ ከዘማቾቹ አንዱ ይፎክርለታል። መጀመሪያ አምሳ አለቃው ኮዳቸውን አንግተው ወጥተው ፎከሩ። በረሃውን አነሱ፣ ተናንቀው የጣሉትን ሰው አነሱ፣ ሕዝቡ «በለው» አለ። ኮዳውን አውልቀው ከድንጋዩ ሥር በክብር አኖሩት። ከዚያ ስም መነበብ ጀመረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያለቅሱ ያላየኋቸው እናቶች አለቀሱ። እኔም ከእነሱ ጋር አለቀስኩ፤ ለእነሱ ልጆች ያለኝ ቅሬታ የለም።

አንባቢው ጨረሰ። ወረቀቱን አጠፈ።

ተነሳሁ። ነጠላዬን አደግድጌ መሐል ገባሁ። ወንድሜ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሲስብ አየሁት። ቆቡን ከብብቴ አውጥቼ ከድንጋዩ ሥር፣ ከኮዳው አጠገብ አኖርኩት። ሕዝቡ ታልቅሳለች ብሎ ጠበቀ፤ አስለቃሽ ነኝና ይፈቀድልኛል። ሴት ዘራፍ አትልም። እኔ ዘራፍ አልኩ።

ዘራፍ ያልገደለ፣ ዘራፍ የገላጋይ፣
በሁለት ጦር መሐል እንደ ጽድ የሚታይ፤
ጥይቱን ቆጥረው ጓዶቹ ነገሩኝ፣
አንዲት አልጎደለም፣ ኑና ፍረዱኝ።

ከኋላ የሳቀ ነበር። ወደ እሱ ዞርኩ።

«እስከ ዛሬ ልጆቻችሁ የጣሉትን እየቆጠርኩ አልቅሼላችኋለሁ» አልኩ። «ያልጣሉትንም ያስቆጠራችሁኝ አላችሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ለልጄ ግን አልዋሽም። አልገደለም። ገላጋይ ነው። ከእናንተ መሐል ጠብ ገጥሞት ገላጋይ ያልጠራ ሰው ካለ፣ እሱ መጥቶ ይቺን ቆብ ያንሳት።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሹሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሲቆይ አምሳ አለቃው ከወንበራቸው ተነሱ። በከዘራቸው ቀስ እያሉ ወደ ድንጋዩ መጡ። ቆቡን ሊያነሱ መሰለኝ፤ ቢያነሱት ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ጎንበስ አሉ። ያነሱት ኮዳቸውን ነው። በእጃቸው እንደያዙት፣ ሳያነግቱት፣ ማንንም ሳያዩ ሕዝቡን ሰንጥቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ምረቃው በዚያው ተበተነ። አገሩ አዛውንቱን አዋረደቻቸው አለ። ጀግና ሰው በሴት ፉከራ ተቆጥተው በዓሉን ትተው ሄዱ አለ። ገበያ ስወጣ ሰላምታ የሚነሳኝ ነበር። «ባዋረድኳቸው እጸጸታለሁ፣ በተናገርኩት ግን አልጸጸትም» እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ መለስኩ። ሌሊት አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የተናገርኩት፤ ምን እደብቃለሁ?

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ለቅሶ ለመሄድ በዚያ በኩል ሳልፍ ከድንጋዩ መዶሻ ሰማሁ። ጠራቢው ሥራውን ጨርሶ ላሊበላ ከገባ ቆይቷል። ቀርቤ ሳይ አምሳ አለቃው ናቸው። መሬቱ ላይ ጆንያ አንጥፈው ተንበርክከው፣ መሮ ይዘው፣ ከስሞቹ ሁሉ በታች ይቆፍራሉ። ጢማቸው የድንጋይ ዱቄት ለብሷል። እጃቸው ለዚህ ሥራ ስላልለመደ እየሳተ ጣታቸውን መቶታል፤ በጨርቅ ጠቅልለውታል።

ምን እንደሚጽፉ አልጠየቅኩም። ማንበብ ባልችልም ገባኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለመንገድ የያዝኩትን ውኃ በጣሳ ቀድቼ ሰጠኋቸው።

«ኮዳዎን አልያዙም?» አልኳቸው፣ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ።

«አስቀምጬዋለሁ» አሉ።

ጠጡ። ጣሳውን መልሰው ሰጡኝ፣ አፋቸውን ጠረጉ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «ድንጋዩ ቦታ ነበረው» አሉና መዶሻውን አነሱ።

ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ሴት ልጄ ጣቴን ይዛ ስሙን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አስዳሰሰችኝ። ከኮሚቴው የተቃወመ የለም፤ ማን ያንን ሽማግሌ ይናገራል። ያ የሳቀው ጎልማሳ እንኳ ሲያገኘኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ግን አምሳ አለቃው ፎክረው አያውቁም። በዓል ይመጣል፣ ሰው ይጠራቸዋል፣ ጉሮሮዬን ያመኛል ይላሉ። ኮዳውንም ያየው የለም። አሁንም ጥፋቱ የእኔ ሆነ፤ «የአንበሳውን ጥርስ አወለቀችው» ይሉኛል። እኔም ውስጥ ውስጡን የሰው ዓይን ፈርተው፣ አፍረው ነው ስሙን የጻፉት ብዬ አምን ነበር። በፈቃዱ ካልሰጠ ሰው እጅ የተቀበልኩ ያህል ይከነክነኝ ነበር። ቢሆንም አንድ ቀን ስሙ ይፋቅ ብዬ አላውቅም። ያፈሩ እንደሆነ ይፈሩ፤ ስሙ ይቀመጣል።

አምሳ አለቃው ሲሞቱ ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። ዘመዶቻቸው ሌላ እንጥራ ተባብለው ነበር አሉ፤ የምትሻል ስላጡ ላኩብኝ። እንደ ወጉ ደጅ ቆሜ ምን ጥለዋል ብዬ ጠየቅኩ፤ የማውቀውን ነው የጠየቅኩት። ያንን የበረሃውን ሰው አንሺልን፣ ኮዳውን አንሺልን አሉ። አልጋው ላይ ጠመንጃቸው አለ፣ የጦር ሜዳ ልብሳቸው አለ፣ ኮዳው የለም። ሚስታቸውን ጠየቅኳቸው። እንዳይወጣ ተናዞ ነው የሞተ አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔ እንግዲህ ላሳዘንኳቸው ሰው የምክስበት ቀን ይኸው ነው ብዬ፣ ያለኝን ኃይል ሁሉ አውጥቼ አለቀስኩላቸው፦

ውኃ በሌለበት፣ በዚያ በረሃ ላይ፣
ኮዳ ነጥቆ መጣ፣ የባለ ኮዳው ገዳይ።

ሕዝቡ ተነሳ፣ ተቀበለ፣ ደረቱን መታ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላስለቀስኩም። ሚስታቸው ብቻ እጃቸውን አንስተው ወደ እኔ ዘረጉ፣ ከዚያ መልሰው ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት። ሐዘኑ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ይኼ የኋላው ጦርነት መጣ። በእኛም ደጅ አለፈ፣ ሰዉን በተነው፣ ከብቱንም እህሉንም በላው። ቆቡን ጎተራ ሥር ቀብሬ ወጣሁ፤ ስመለስ ጎተራው የለም፣ ቆቡ አለ። ድንጋዩም አለ። አንድ ተባራሪ ጥይት አግኝቶት ጫፉ ተሸርፏል፣ ስሞቹ ግን ደህና ናቸው። አሁን ሌላ ድንጋይ ይቁም ይላሉ፣ ለአዲሶቹ ሟቾች። ይቁም። ገላጋይ የሞተ ካለ ግን አስቀድማችሁ ጻፉት ብያቸዋለሁ፤ ደግሜ ዘራፍ ለማለት አርጅቻለሁ፣ ካስገደዱኝ ግን እላለሁ።

የአምሳ አለቃው ሚስት ከጦርነቱ በኋላ ፍላቂት ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ያለፈው ዓመት ከወገል ጤና ስመለስ፣ እኩለ ቀን ላይ በረዶ ቢይዘኝ ቤታቸው ተጠለልኩ። እሳት ዳር ተቀምጠን የተቆላ ገብስ እየበላን ስለ ሟቾቻችን ተጫወትን። በረዶው ጣራውን ሲደበድብ እሳቸው ተነስተው ከሣጥን ውስጥ አንድ ነገር በጨርቅ ተጠቅልሎ አመጡና ጭኔ ላይ አኖሩት። ጎኑ ጎድጎድ ያለው ኮዳ ነው።

«ያን ቀን ስታለቅሽለት ላስቆምሽ ፈልጌ ነበር» አሉኝ። «ዘመዶቹ ፊት አፌ እንቢ አለኝ። ለልጅሽ ያልዋሸሽውን ለእሱ ዋሸሽለት።»

እሳቸው ኮዳውን እያዩ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባላቸው የምረቃው ዕለት ትቶ ቤት ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገራቸው ነው፣ ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው። ከጓዶቹ ተለይቶ፣ በረሃው ላይ ጠፍቶ፣ በጥም ሊሞት ሲል ከቁጥቋጦ ሥር ከዚያ ገደልኩት ካለው ሰው ጋር ተገናኙ። እሱም የጠፋ ነበር። ሁለቱም ጠመንጃ አነሱ፣ ሁለቱም ዝቅ አደረጉ። ቋንቋ የላቸውም። አንድ ጥላ ሥር ዋሉ፤ ሲመሽ ሰውየው ወደ ወገኑ፣ እሱ ወደ ወገኑ ሄዱ። ጦሩ ውስጥ ሲገባ አዛዡ ይቺ የጠላት ኮዳ ከየት መጣች ብሎ ጠየቀው። እውነቱን ቢናገር ከጠላት ጋር ተሻርከሃል ብለው ይረሽኑታል። ገድዬው ነው አለ። የዋሸው ለነፍሱ ነው፤ ከዚያ አገር ቤት ሲገባ ውሸቱ ቀድሞት ገብቶ ጠበቀው።

በረዶው አባራ። ያንን የነጠቀ፣ የገደለ ያልኩበትን ግጥም ከዚያ ቀን ወዲህ ሽሬዋለሁ፤ ለሚመጣው ሙት ዓመታቸው አዲስ እገጥማለሁ፣ ዘመዶቻቸው ቢወዱም ቢጠሉም። እናንተም ልጆቼ ድንጋዩ ላይ ያ የመጨረሻው ስም ለምን ጠልቆ እንደ ተቆፈረ ለሚጠይቃችሁ ይኼን ንገሩት፤ የጻፈው ሰው የማረከው ኮዳ አልነበረውም። ባለ ኮዳው የራሱን ድርሻ ጠጥቶ፣ የቀረውን ውኃ ከነኮዳው በገዛ እጁ ነው የሰጠው።